ግማሽ መንገድ ላይ የሚጠብቀው ፋኖስ

ጠጋ ጠጋ በሉ! መብራቱም ጠፍቷል፣ ጨረቃዋም የለች፤ ለዚህ ወሬ ከዚህ የበለጠ የሚመች ሌሊት ከየት ይመጣል? አንተ ምንተስኖት፣ በሩን ዝጋና ና። ፈራህ እንዴ? ገና ምን ሰምተህ! ሳልጀምር የፈራ ካለ አሁኑኑ ሄዶ ይተኛ። ኋላ «አክስቴ፣ ውጭ ድረስ ሸኚኝ» ብትሉኝ ከዚች በርጩማ ንቅንቅ አልልም።

ሰዓቱ እንዲህ እንዳሁኑ ነው። ከምሽቱ አራት ሰዓት። ሰማዩ ጥቁር፣ ምድሩ ጥቁር። በጥቁሩ መሃል ሐዲድ ተዘርግቷል፤ ግራና ቀኙ ግራር ብቻ ነው። በሐዲዱ ላይ አንድ ሰው ይሄዳል። ብቻውን ይሄዳል። በግራ እጁ ፋኖስ፣ በትከሻው ትልቅ የብሎን ቁልፍ። ማነው? ጓንጉል ነው። ወዴት ነው? አትቸኩሉ።

ጓንጉል የሐዲድ ጠባቂ ነበር። የመንደሩን ስም አልነግራችሁም፤ ዛሬ ብትሄዱም አታገኙትም። ያኔ ግን መንደር ነበር፣ ኧረ ምን መንደር ብቻ! ባቡሩ የመንግሥት ነው። በቀን ሁለቴ ይመጣል፣ በቀን ሁለቴ ይሄዳል። ሲመጣ ምድር ይንቀጠቀጣል። ብርቱካን በሉት፣ ጨው በሉት፣ ሙሽራ በሉት፣ ሁሉም ከባቡር ይወርዳል። የሚጠጣው ውሃ እንኳ በፉርጎ ተጭኖ ነው የሚመጣው፤ እዚያ አገር ጉድጓድ ቢቆፈር የሚወጣው አቧራ ነው። የባቡር ሠራተኛ ሚስት መሆን ማለትማ! የደንብ ልብስ የለበሰ ባል፣ የቆርቆሮ ቤት፣ በዓመት አንዴ በነፃ ቲኬት ከተማ ደርሶ መመለስ። እናቴ ስማቸው ሲነሳ ከንፈሯን ትነክስ ነበር። ቅናት ነዋ! እኔም ብሆን እቀና ነበር፤ ምን ያስዋሸኛል?

ከነዚያ ሚስቶች አንዷ የጓንጉል ሚስት ናት፤ ዘርትሁን ትባላለች። ቆንጆ ነበረች? እንደ ነገሩ ናት። ራሷ ናት እንዲህ ያለችኝ! ለጓንጉል ግን ወንድ ሁሉ ሊሰርቀው የሚያደባበት ወርቅ ነበረች። ውሃ በሚቀዳላት ሰውዬ ይቀናል። በቄሱ ይቀናል። ጥላዋ ባረፈበት ግድግዳ ይቀናል።

አሁን ሥራውን ስሙኝ፤ ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ባቡር ከማለፉ በፊት ሌሊት ሐዲዱ መፈተሽ አለበት። ከዚህ ጣቢያ አንድ ጠባቂ ይነሳል፣ ከሚቀጥለው ጣቢያ ሌላ ይነሳል። ግማሽ መንገድ ላይ ይገናኛሉ። እያንዳንዳቸው የናስ ታርጋ አላቸው፤ ይለዋወጣሉ። ጓንጉል የዚያን ሰው ታርጋ ይዞ ይመለሳል፣ ያም የጓንጉልን። ጠዋት የጣቢያው አለቃ ታርጋውን አይቶ «አዎ፣ ደርሷል» ይላል። ባልደረባህ ግማሽ መንገድ ላይ ባይገኝስ? ደንቡ አንድ ነው፤ እስክታገኘው ድረስ ወደፊት ሂድ። ልብ አላችሁ? እስክታገኘው ድረስ ሂድ።

ያ ባልደረባ ሮብሌ ይባላል። ረጅም፣ ሳቂታ ሰው ነው። ፋኖሱ ሳይታይ ዘፈኑ ይሰማል።

«ሚስት አለችህ?» አለው ጓንጉልን፣ መጀመሪያ የተገናኙ ጊዜ።

«አለችኝ። ዘርትሁን ትባላለች።»

ስሟን የነገረው ራሱ ነው እንግዲህ! በማግስቱ ሌሊት ሮብሌ፣ «ዘርትሁን ደህና ናት?» አለው። ሰላምታ ነው፣ ምን ክፋት አለው? ጓንጉል ቤቱ ገብቶ «ሮብሌ ሰላም ብሎሻል» አላት። እሷም «እሱም ደህና ይሁን፤ ይችን ቆሎ ስጥልኝ» አለች። ሮብሌ በፋንታው ቴምር ላከ። ቆሎ ሲሄድ፣ ቴምር ሲመጣ ዓመት ሞላ። በማን እግር? በጓንጉል እግር! ሴትዮዋና ሰውየው ግን በዓይን ተያይተው አያውቁም።

አንድ ሌሊት ጓንጉል ቆሎውን በኪሱ ይዞ ሲሄድ ቆም አለ።

«ቆይ እንጂ» አለ ለራሱ። «በዚህ ጨለማ ስምንት ኪሎሜትር የምኳትነው የሚስቴን ቆሎ ለሰው ላደርስ ነው? እኔ ባል ነኝ ወይስ ፖስተኛ?»

ሳቁ፣ ሳቁ! ኋላ አትስቁም።

ከዚያ ወዲያ ቆሎውንም እሱ በላው፣ ቴምሩንም እሱ በላው። ሰላምታውንም ዋጠው።

«ሮብሌ ምን አለ?» ትለዋለች።

«ምንም አላለም።»

«አሞት ይሆን እንዴ?»

«ምን አገባሽ!»

ይህች ጥያቄዋ እሳት ሆነችበት። ክረምት ሲገባ ሮብሌ ከወደብ የመጣ ቀይ ሻሽ አምጥቶ፣ «እህቴ ለራሷ ስትገዛ ለዘርትሁንም ገዛችላት» አለው። ጓንጉል የሰማው «ለዘርትሁን» የሚለውን ብቻ ነው። ሻሹን ድንጋይ ሥር ቀበረው።

በማግስቱ ምን አሰበ መሰላችሁ? «ዛሬ አልሄድም» አለ። «ካልሄድኩ ሮብሌ ወደዚህ ይመጣ እንደሆን አያለሁ። ከመጣ የሚመጣው ለሷ ነው።» አያችሁ ቅናት ሰውን ምን እንደሚያደርገው? ሮብሌማ መምጣቱ የት ይቀራል፣ ደንቡ ነዋ! ደንቡን ጓንጉል እንደ ስሙ ያውቀዋል። ያን ቀን ግን ማወቅ አልፈለገም።

ፋኖሱን አጥፍቶ ከራሱ ቤት አጥር ሥር ተደበቀ። ዝናቡ ይወርድበታል። ዘርትሁን ዕቃ አጥባ ስትጨርስ እጣቢውን በአጥሩ ላይ ደፋችው። አናቱ ላይ! ጓንጉልን ሳል አመለጠው። የባሏን ሳል የማታውቅ ሚስት አለች? አወቀችው። ዝም ብላ ገባች።

ያን ሌሊት ከደጋ ጎርፍ ወርዶ ደረቁን ወንዝ ሞላው። ድልድዩ ያለው በጓንጉል በኩል ነው። ጎርፉ መሃሉን ይዞት ሄደ። ጓንጉል ወጥቶ ቢሆን ያየው ነበር። አልወጣም። ሮብሌ ግማሽ መንገድ ደረሰ። ጠበቀ። «ጓንጉል!» አለ። እየተጣራ ወደፊት ሄደ። «ጓንጉል! ኧረ ጓንጉል!» ድልድዩ ላይ ወጣ። አንድ እርምጃ፣ ሁለት እርምጃ፣ ሦስተኛው ላይ ድልድይ የለም!

ወደቀ። ውሃው ዳር ካለ ድንጋይ ላይ አርፎ እግሩ ተሰበረ። ፋኖሱን ግን አልለቀቀም። «ቁም» የሚለውን ቀዩን መስታወት አዙሮ ባቡሩ እስኪመጣ ሲያወዛውዝ አደረ። ነጂው አየው፣ ባቡሩ ቆመ፣ ሦስት መቶ ሰው ተረፈ። ነጂው ሊያነሳው ሲወርድ ሮብሌ የተናገረው ቃል አንድ ነው። «ጓንጉልን ፈልጉልኝ፤ ጎርፍ ወስዶት እንዳይሆን።» ደሙ ፈስሶ አልቆ ነበርና ጎህ ሲቀድ አረፈ።

የጣቢያው አለቃ ጓንጉልን ጠራው።

«የት ነበርክ?»

«ታምሜ ነበር፣ ጌታዬ። ወባ ተነስቶብኝ።»

ዘርትሁን አጠገቡ ቆማለች። ባሏን አየችው። መሬቱን አየች።

ሰባት ሌሊት አለፈ፤ ድልድዩም ተጠገነ። በስምንተኛው ጓንጉል ግማሽ መንገድ ደረሰ። በሮብሌ ቦታ ገና ሰው አልተተካም፤ የሚመጣ የለም። የሚመጣ የለም... ታዲያ ያ ምንድነው? በሩቅ አንዲት ብርሃን። «ኮከብ ናት» አለ። ኮከብ ትወዛወዛለች እንዴ? ቀጥሎ ዘፈን መጣ። ቃል የሌለው፣ ጉሮሮው ውሃ የሞላ ሰው ዘፈን። ቀጥሎ እርምጃ መጣ። አንዱ እግር ይረግጣል፣ አንዱ ይጎተታል። ኳ... ሽሽሽ... ኳ... ሽሽሽ። ፋኖሱ አሥር እርምጃ ሲቀረው ቆመ። ከፋኖሱ በላይ ፊት የለም፣ ጨለማ ነው። እጅ ግን አለ። ታርጋ የያዘ እጅ ተዘረጋ።

«ዘርትሁን ደህና ናት?»

ጓንጉል ፋኖሱንም ቁልፉንም ጥሎ በረረ! በማግስቱ «ብሞት አልሄድም» ብሎ ተኛ። ምን ሆነ? ብርሃኗ መጣች። ግማሽ መንገድን አለፈች፣ ድልድዩን አለፈች፣ በመንደሩ ጫፍ ብቅ አለች። ያኔ ጓንጉል ከአልጋው ዘሎ ሮጠና መንገድ ላይ ተቀበላት። ገባችሁ? ካልሄደ ይመጣል። ከመጣ ቤት ይገባል። ቤት ውስጥ ደግሞ ዘርትሁን አለች። በሞተ ሰው ቀና!

ከዚያ ጀምሮ አንድ ሌሊት አላጓደለም። ይሄዳል፣ ከሩቅ ይቆማል፣ «ደህና ናት» ይላል ጥርሱን ነክሶ። ብርሃኗ ትመለሳለች። እሱም ይመለሳል።

ዓመታት ሄዱ። ከሐዲዱ ጎን አስፋልት ተነጠፈ። የጭነት መኪናው በዛ። ነጋዴው «ባቡር ይዘገያል» አለ። በቀን ሁለቴ ይመጣ የነበረው አንዴ ሆነ፣ ከዚያ በሳምንት፣ ከዚያ ሲሻው። መለዋወጫ ስለሌለ አንዱን ሞተር አፍርሰው ሌላውን ይጠግናሉ። አለቃው ጡረታ ወጣ፤ የጣቢያውን ሰዓት የሚሞላው ጠፍቶ ሰዓቱም ቆመ። አንድ ቀን የውሃው ፉርጎ ቀረ። በማግስቱም ቀረ። ሰው ጀሪካኑን አሰልፎ ሦስት ቀን ጠበቀ፤ በአራተኛው ቀን ዕቃውን ጠቀለለ። እናቴን ያስቀኗት የቆርቆሮ ቤቶች የፍየል ማደሪያ ሆኑ።

ጓንጉል ግን ማታ ማታ ፋኖሱን ያነሳል።

«አንተ ሰውዬ፣ ባቡር የለ! ምኑን ነው የምትጠብቀው?» ይሉታል የቀሩት።

«ሥራዬን።»

«እንሂድ» ትለዋለች ዘርትሁን። «ልጅ የለን፣ ውሃ የለን፣ ምን ይዞን?»

«እኔ እስክመለስ በሩን ቆልፈሽ ተቀመጪ።»

ሠላሳ ዓመት! ሚስቱን ለመጠበቅ ሲል ሠላሳ ዓመት ከሚስቱ ጋር አላደረም።

አንድ ማታ እውነተኛው ወባ ጣለው። ሊነሳ ሞከረ፣ ወደቀ።

«ዘርትሁን፣ በሩን ቆልፊ!»

«ተቆልፏል።»

«ጠረጴዛውን አስደግፊበት!»

«ምን መጣብን?»

ኳ... ሽሽሽ... ኳ... ጣቢያው ጋ ደረሰ። ኳ... ሽሽሽ... አጥሩ ጋ ደረሰ። በበሩ ሥር ቀይ ብርሃን ገባ።

«ጓንጉል፣ ልፈልግህ መጣሁ።»

ዘርትሁን ያን ድምፅ ሰምታው አታውቅም። አወቀችው ግን።

«ሮብሌ ነህ?»

«ነኝ፣ እህቴ። ጓንጉል አለ?»

«አለ። አሞታል።»

«ያኔም አሞት ነበር አሉኝ።»

ጓንጉል አፏን ሊይዝ ተንፏቀቀ። እሷ ግን ሠላሳ ዓመት የዋጠችውን አወጣችው።

«ያኔ አላመመውም። አጥር ሥር ተደብቆ እኔን ይጠብቅ ነበር።»

ከዚያ ቁልፉ ሳይነካ፣ ጠረጴዛው ሳይነቃነቅ፣ በሩ ተከፈተ። የገባው እጅ ብቻ ነው። ጓንጉል በዚያ ትኩሳቱ ዘሎ ሚስቱ ፊት ቆመና፣ «እሷን አትነካትም!» አለ። እጁ ግን ወደሷ ዝርም አላለ። የጓንጉልን ክንድ ያዘ።

«ና» አለ ድምፁ። «ግማሹ መንገድ ያንተ ነው።»

ይዞት ወጣ። ዘርትሁን ሮጣ ብትወጣ፣ ሐዲዱ ላይ ሁለት መብራት ጎን ለጎን ይሄዳሉ። አንዱ ይዘፍናል። ድልድዩን ሲያልፉ ሌላውም አብሮ ዘፈነ። ጓንጉል! ለሷ አንድ ቀን እንኳ ዘፍኖላት አያውቅም።

ጠዋት ጭነት መኪና ላይ ወጥታ ወደዚህ መጣች፤ እዚችው ሰፈር አረጀች። አንድ ቀን «አልፈራሽም ወይ?» አልኳት።

«ምን እፈራለሁ፣ ቀናሁ እንጂ!» አለችኝ። «ሮብሌ ሲሞት የጠራው ጓንጉልን። ጓንጉል ዕድሜውን ሙሉ ማታ ማታ የሚሄደው ወደ ሮብሌ። እኔ በር ተቆልፎብኝ! እኔን ብሎ የመጣ ማን አለ?»

አምና ሞተች፣ ነፍስ ይማር። አሁን ሳቁን ተዉና ስሙኝ። በዚያ በኩል የሚያልፉ ሾፌሮች ዘንድሮ ሐዲዱ ላይ የሚያዩት ሁለት መብራት አይደለም። ሦስት ነው። ሦስተኛዋ ከኋላ ናት። ትሮጣለች፣ አትደርስባቸውም። ሁለቱ ዞር ብለውም አያዩዋት። ተስፋ ስትቆርጥ ከሐዲዱ ወርዳ ወደ መንገዱ ትመጣለች፣ ሰው ፍለጋ። ሁለት ሆኖ የሚሄደውን አትነካም፤ ቀንታበት ታልፋለች። ብቻውን የሚሄደውን ግን ከኋላው ትጠጋዋለች። ኮቴዋ አይሰማም። ትንፋሿ ማጅራቱ ላይ እስኪያርፍ ትጠጋዋለች። ምንተስኖት፣ ያንተ ቤት ሩቅ ነው አይደል? ከማን ጋር ነው የምትሄደው? ከማንም? እንግዲያው ስማ፤ ትጠጋና፣ ቀዝቃዛ እጇን እንዲህ ትከሻው ላይ ጥላ፦

«ጓደኛ የለህም? እኔም የለኝም!»