ጠዋት የሚንኳኳ በር

ጠዋት በር ሲንኳኳ አልከፍትም። ጎረቤት ይሁን፣ የግቢው ዘበኛ ይሁን፣ ጋዝ የሚያመጣው ልጅ ይሁን፣ አልከፍትም። የፈለገኝ ይደውል።

እናቴ የሞተች ጊዜ በሬ የተንኳኳው ገና ጎህ ሲቀድ ነበር። ስከፍት የቢሮዬ ሰዎች፣ ናይሮቢ ያለው የሀበሾች ማኅበራችን ሊቀመንበርና ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሁለት ሴቶች ኮሪደሩን ሞልተው ቆመዋል። አንዳቸውም አፋቸውን አልከፈቱም። ምን ይናገሩ? ነጠላው ተናግሯል።

ለካ እናቴ ስትታመም ከርማለች። አዲስ አበባ ያለው ዘመድ ሁሉ ያውቃል። «ልጅቷ ሰው አገር ናት፤ ሰምታ ምን ታደርጋለች፣ ከመጨነቅ በቀር» ተባብለው ደበቁኝ። እናቴም በስልክ «ጉንፋን ነው» ትለኝ ነበር። ናይሮቢ ከአዲስ አበባ የሁለት ሰዓት በረራ ነው። እኔ ስደርስ ግን ተቀብራለች።

አባቴን ወር ሙሉ አኮረፍኩት። ከዚያ አባት ነውና ይዤው ናይሮቢ መጣሁ። አውሮፕላኑ ውስጥ «ሁለተኛ ከደበቅከኝ አባቴ አይደለህም» አልኩት። «እሺ» አለ። አቶ ባንታየሁ ዕድሜውን የአውሮፕላን ሞተር ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። እሺ ሲልም እንቢ ሲልም ፊቱ አንድ ነው።

ደፋርን ያመጣው እሱ ነው። «ውሻ ቤት አይገባም» ብሎ ያሳደገኝ ሰው አንድ ዝናባማ ቀን ቡናማ ቡችላ ካፖርቱ ውስጥ ደብቆ ገባ። ነጎድጓድ ሲሰማ መታጠቢያ ቤት ገብቶ የሚወሸቅ ፈሪ ነበርና ለማሾፍ ደፋር አለው። አባባ ከሰው ይልቅ ከደፋር ጋር ያወራል። የእናቴን ነገር እንኳ የሚያወጋው ለእሱ ነው። ከበሩ ጀርባ ሆኜ ሰምቻለሁ።

እንግዲህ አንድ ቅዳሜ ደፋርን አንገቱ ሥር ሳክከው እጄ እብጠት ላይ አረፈ። በግራም አለ፣ በቀኝም አለ።

ሁርሊንግሃም ሰፈር፣ ከሀበሻ ምግብ ቤቶቹ ጀርባ አንድ የእንስሳት ክሊኒክ አለ። ሐኪሙ ወንበሩን ትቶ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ደፋርን በሁለት እጁ አቀፈው። ካርዱ ላይ ስሜን አየና ቀና አለ።

«ሠርክ? ሀበሻ ነሻ! እኔ ዮአብ እባላለሁ።»

አማርኛው አገር ቤት የተወለደ አማርኛ አይደለም፤ መሃሉ ላይ እንግሊዝኛና ስዋሂሊ ይረጭበታል። ዓይኑ ግን ሰው ሲያይ አይቸኩልም። ከእብጠቱ በመርፌ ናሙና ወሰደ። ውጤቱ ሲደርስ ጠራኝ፣ ወንበር ሰጠኝ፣ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ።

«መጥፎ ነው። የንፍፊት ካንሰር ነው፤ አይድንም። ኬሞ ከጀመርን ግን ጥሩ ጥሩ ወራት ይኖረዋል። ምናልባት ዓመት።»

በጠራራ ፀሐይ፣ ዓይኔን እያየ! በሕይወቴ መጥፎ ወሬ እንዲህ ተነግሮኝ አያውቅም። በጥፊ የተመታሁ መሰለኝ። ደግሞ፣ አይ የሰው ነገር፣ ውስጤን የሆነ ነገር ደስ አለው።

ታዲያ ወዲያው ያልኩትን ስሙልኝ።

«ለአባቴ እንዳትነግረው። እናቴ ከሞተች ወዲህ ያለው ይሄ ውሻ ነው። ኢንፌክሽን ነው በለው። በሞቴ!»

ዮአብ «በሞቴ አትበዪ» አለኝ። «ሳዋ፣ እሺ። ራሴ ጀምሬ አልነግራቸውም። ከጠየቁኝ ግን አልዋሽም። አልችልበትም።»

«አይጠይቅህም። እኛ ቤት ጥያቄ አይወደድም።»

ሕክምናው ሐሙስ ሐሙስ ሆነ። እኔ ሥራዬ ዌስትላንድስ ሰፈር ነው፤ በዚያ የመኪና ሰልፍ ሰዓቱ አይደርስልኝም። ስለዚህ ደፋርን የሚወስደው አባባ ነበር። እኔ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ «ውሻው እንዴት ነው?» እያልኩ ክሊኒክ መመላለስ ጀመርኩ። ውሻው እኮ አብሮኝ ነው የሚያድረው! ዮአብም ይህን ያውቃል፤ ግን ጥያቄዬን በቁም ነገር ይመልስልኛል። ከዚያ ምሳ እንበላለን። የእናቴን መርዶና የበሩን ነገር የነገርኩት በአንዱ ቅዳሜ ምሳ ላይ ነው። ሰምቶ ሲያበቃ የውኃ ብርጭቆዬን ወደ እኔ ጠጋ አደረገው።

እብጠቱ ጠፋ። ዮአብ እጄን ይዞ ደፋር አንገት ሥር አስገባው።

«ፈልጊ» አለኝ።

ጣቶቼ በፀጉሩ ውስጥ ሄዱ። ምንም የለም።

«የለም!»

«የለም» አለ። ጣቱን ግን ከጣቴ ላይ አላነሳም። እኔም አላነሳሁም። ደፋር መሃላችን ተኝቶ አንዴ እኔን አንዴ እሱን ያያል።

በዚያው ሰሞን የናይሮቢ ብርድ ገባ። ነገሩ ሁሉ የጠቆረው ከዚያ ወዲህ ነው።

አባባ ቤት ውስጥ ቆብ ማድረግ ጀመረ። «ብርዱ ነው» አለ። ማክሰኞ ማክሰኞ ጋሽ ዓለምሰገድ ከሚባል ወዳጁ ጋር ዳማ ሊጫወት ይሄዳል፤ ከዳማ ሲመለስ ራት አይበላም። «በልተን ነው» ይላል። ሱሪው ወገቡ ላይ ተሰብስቦ በቀበቶ ታስሯል። አንድ ቀን ሶፋው ላይ የረገፈ ፀጉር አገኘሁና ደፋርን ጮኼ አባረርኩት። ነጭ ፀጉር ነበር። ደፋር ቡናማ ነው። ይህን እያየሁ ትራሱን አራገፍኩና ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

ዮአብም ተለወጠ። የአባባን ስም ሳነሳ ዓይኑን ይሰብራል።

«አባቴ ከሳብኝ፤ አንተስ አላየህም?»

«ጠይቂያቸው።»

«እኛ ቤት...»

«አውቃለሁ። ጥያቄ አይወደድም።» አልሳቀም።

ሌላ ሴት አግኝቷል ብዬ ደመደምኩ። የሴት ልጅ ሐሳብ ዞሮ ዞሮ የት ይሄዳል! ቅዳሜዬን አቆምኩ። ሲደውል አላነሳም። ቤቱ ውስጥ ግን አንድ ነገር እየመጣ እንደነበር ሰውነቴ ያውቅ ነበር። ሌሊት የነቃሁ እንደሆነ አባባ ሲያስል እሰማለሁ፤ ከዚያ የደፋር ጥፍር ወለሉን ቧጨር ቧጨር እያደረገ ወደ እሱ ክፍል ይሄዳል።

አንድ ቅዳሜ አባባ ኪዳን ሊያደርስ ቤተክርስቲያን ሄዶ፣ እኔ ገና ፊቴን ሳልታጠብ፣ በሩ ተንኳኳ።

ባለሁበት ደረቅሁ። ደፋር አልጮኸም፤ ጅራቱን ይቆላል። ደግሞ ተንኳኳ። አባባ መንገድ ላይ ወድቆ ታየኝ፤ ነጠላ ያዘቀዘቁት ሴቶች ታዩኝ።

«ሠርክ፣ ዮአብ ነኝ» አለ ከውጭ። «ማንም አልሞተም። ክፈቺ።»

ከፈትኩ። ብቻውን ነው። ዓይኑ እንቅልፍ ያላገኘ ሰው ዓይን ነው።

«ቁጭ በይ።»

«ቆሜ ንገረኝ።»

«አባትሽ ታመዋል። ካንሰር ነው። ማክሰኞ የሚሄዱት ዳማ ሊጫወቱ አይደለም፤ ሆስፒታል ነው።»

ቁጭ አልኩ።

«ለደፋር የምሰጠው አንድ ቀይ መድኃኒት አለ» አለ ዮአብ። «ስሰጠው አባትሽ ጭንቅላቱን ይዘውልኝ ነበር። መድኃኒቱን ትኩር ብለው አዩትና ‹ይህን ቀይ አውቀዋለሁ፤ ለእኔም የሚሰጡኝ እሱን ነው› አሉኝ። እጅጌያቸውን ገልጠው የመርፌውን ቦታ አሳዩኝ። ‹ውሻዬ ካንሰር ነው አይደል?› አሉ። ጠየቁኝ፤ አልዋሸሁም። ከዚያ ለአንቺ እንዳልናገር አስማሉኝ። በእናትሽ ነፍስ።»

«መቼ?»

«ሁለት ወር ሊሆነው ነው።»

«ሁለት ወር ዓይኔን እያየህ! ያንን ሁሉ ነግሬህ! ውጣልኝ!»

«እወጣለሁ። ግን ስሚኝ። የደፋር እብጠት ተመልሷል፤ ሐሙስ ዳስሼዋለሁ። መድኃኒቱ መሥራት አቁሟል። አባትሽ ደግሞ ‹እሱ እስከወሰደ እወስዳለሁ፤ እሱ ያቆመ ቀን እኔም አቆማለሁ› ብለውኛል። የሚቀልዱ መስሎኝ ነበር፤ አይቀልዱም። የእሳቸው መድኃኒት እኮ እየሠራ ነው፣ ሠርክ! ሐኪማቸው ‹ይቀጥሉ› ይላቸዋል። ውሻውን ማትረፍ አልችልም። እሳቸውን ግን አንቺ ካልያዝሻቸው...»

ወደ በሩ ዞረ።

«መሐላ አፍርሻለሁ። ከጠላሽኝ ጥይኝ። ግን ነጠላ አዘቅዝቆ ከሚመጣው ሰው እኔ ቀድሜ ልምጣ ብዬ ነው።»

ወጣ። በሩን ዘጋሁበት። ወለሉ ላይ ተቀምጬ እጄን ደፋር አንገት ሥር አስገባሁ። አለ። በግራም አለ፣ በቀኝም አለ። እያለቀስኩ ዮአብን ረገምኩት፤ ረግሜ ስጨርስ ይህን ልጅ መጀመሪያ «ደብቅልኝ፣ በሞቴ» ያለችው ማን እንደሆነች ትዝ አለኝ።

ማክሰኞ አባባ ቆቡን አደረገ። «ዳማዬ ደረሰ» አለ።

የመኪናውን ቁልፍ አነሳሁ። «ዛሬ እኔም ልማር።»

ፊቱ አልተለወጠም። «ማን ነገረሽ?»

«ሁለተኛ ከደበቅከኝ ምን ብዬህ ነበር?»

«አባቴ አይደለህም ብለሽኛል።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ አባትሽ ስለሆንኩ ነው የደበቅሁሽ። ሌላ ሰው ለምን ብሎ ይደብቅሻል?» ቀስ ብሎ ጫማውን ማሰር ጀመረ። «አንቺስ? ደፋርን ኢንፌክሽን ነው አላልሽኝም?»

ሊፍቱ ውስጥ ሁለታችንም ሳቃችን መጣ፤ መኪናው ዘንድ ስንደርስ ሁለታችንም እናለቅስ ነበር።

ሆስፒታል፣ ቀዩ መድኃኒት ወደ አባቴ ክንድ ጠብ ጠብ ሲል እያየሁ ለዮአብ ደወልኩ። «ና» ብቻ ነው ያልኩት። መጣ። «ፖሌ፣ ይቅርታ» ሲል አቋረጥኩት። «ቁጭ በል» አልኩት። ከጎኔ ተቀመጠ። እጁን ፈልጌ ያዝኩት። አባባ ዓይኑን ጨፍኗል፤ እንዳልተኛ ግን አውቃለሁ።

ደፋር ከዚያ በኋላ ብዙ አልሰነበተም። የናይሮቢ የጥቅምት ዝናብ ሲገባ ምግብ ተወ። ነጎድጓድ ሲመጣም ሮጦ መደበቁን ትቶ አባባ እግር ሥር ተኝቶ ይቀራል። አባባ እሱን ባየ ቁጥር ቆቡን ወደ ግንባሩ ይስባል። «ከእሱ በኋላ እኔም በቃኝ» አለ አንድ ምሽት፣ ለእኔ ሳይሆን ለደፋር።

አንድ ማለዳ ደፋር መነሳት አቃተው። ያ ቀን ማክሰኞ ነው፤ የአባባ መድኃኒት ቀን። አባባ ተንበርክኮ ግንባሩን ሳመው።

«እኔ አልሄድም» አለ። «አንቺ ውሰጂው።»

ዮአብ ክሊኒኩ በር ላይ ጠበቀኝ። መሬት ላይ ተቀመጥን፤ ደፋር ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ አሳረፈ። የሚያሳርፈው መርፌ ሲገባ ደፋር ቀና ብሎ አየንና ተነፈሰ። አልፈራም።

«ሄደ» አለ ዮአብ። ከዚያ ሐኪሙ እንደ ሕፃን አለቀሰ። አቅፌው ተቀመጥኩ። እንደምወደው የነገርኩት እዚያው ነው፤ ለዚህ የተመረጠ ቦታ ባይሆንም። «እኔም» አለ፣ ፊቱ ትከሻዬ ውስጥ እንደተቀበረ።

ቤት ስንደርስ ኮሪደሩ ላይ እግሬ ታሰረ። ጠዋት ነው። የገዛ በሬ ላይ ቆሜያለሁ፤ ዛሬ በሚያንኳኳው ወገን። ማንኳኳት አቃተኝ። ዮአብ እጁን ሲያነሳ በሩ ራሱ ተከፈተ።

አባባ ቆሟል። አንዴ እኔን አንዴ ዮአብን አየ።

«ሁለት ሆናችሁ ከመጣችሁ፣ ገብቶኛል።»

ሶፋው ላይ ሄዶ ተቀመጠ። የደፋር ማሰሪያ ጎኑ ወድቋል፤ አነሳው፣ እጁ ላይ ጠመጠመው። አሁን «በቃኝ» ይላል ብዬ ፈራሁ።

«ተሠቃየ?» አለ።

«የለም፣ ጋሼ» አለ ዮአብ። «ሠርክ ጭን ላይ ሆኖ ነው።»

«ፈራ?»

«አልፈራም።»

አባባ «ያ ፈሪ!» አለ፤ እንባው ወረደ። «ስሙን ለማሾፍ ነበር እኮ ያወጣሁለት።» ማሰሪያውን ከእጁ ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «ዛሬ ማክሰኞ አይደል?»

«ነው።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? መንገዱ ሳይዘጋ እንሂድ እንጂ!»

በሩ ላይ ሲደርስ ወደ ዮአብ ዞረ። «አንተ መሐላ አፍራሽ።»

«አቤት፣ ጋሼ።»

«ለመርዶ ሁለት ሰው ይበቃል። ለሌላው ጉዳይ ግን ደንቡ ሦስት ሽማግሌ ነው። ያን ጊዜ እሷን አስከትለህ እንዳትመጣ።»

የአባባ መድኃኒት እስከ መቼ እንደሚሠራ የሆስፒታሉ ሐኪምም አያውቅም። ይህንንም ሐኪሙ ወንበር ሰጥቶ፣ ለሁለታችን እኩል ነው የነገረን።

ከገና በኋላ ባለው ቅዳሜ፣ ጠዋት፣ በሩ ተንኳኳ። ደንቡ ባይሆንም የከፈትኩት እኔ ነኝ። ሦስት ናቸው፤ ነጠላቸውን አላዘቀዘቁም። አባባ ከመቀመጫው ተነሳና ቆቡን አውልቆ ተቀበላቸው።