በአሸዋው ላይ የተሰመረው መንገድ

«ሙጂብ፣ ወደ ካሜራው አትይ አልኩህ እኮ! ዝም ብለህ ሂድ፣ አውቶቡስ ሊሳፈር እንደሚሄድ ሰው!»

ኤደን ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ኋላ እየተራመደች ትቀርጻለች። የሰባት ዓመቱ ሙጂብ ቦርሳውን አንግቶ በደረቁ ወንዝ አሸዋ ላይ እንደ ሹም ይንጎራደዳል። እህቱ ናጅዋ ዘንቢል አንጠልጥላ ከኋላው ትከተላለች፤ ከገበያ የምትመለስ እናት ነች። በቪዲዮው ላይ ማለት ነው። በእውነቱ ገና አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፣ ዘንቢሉም ባዶ ነው።

የሮቢት ፀሐይ ያው የሮቢት ፀሐይ ናት፤ ሰው ትቀቅላለች። ከአናታቸው በላይ አንዲት ብጣሽ ደመና የለችም። በምዕራብ በኩል፣ በጣርማ በር ተራሮች ላይ ግን ሰማዩ ከሰል መስሏል። በበልግ የሮቢት ሰው ይህን አሸዋ ከመርገጡ በፊት ቀና ብሎ ደጋው ላይ እየዘነበ እንደሆነ ያያል፤ ይህን ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ቪዲዮ የሚቀርጽ ሰው ግን የሚያየው ስልኩን ብቻ ነው።

መጀመሪያ የመጣው ድምፁ ነበር።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች ናጅዋ።

«ሲኖ ትራክ ነዋ! አስፋልቱ እዚያ ጋ አይደል እንዴ? ኧረ በናትሽ አታበላሺብኝ፣ አሪፍ እየመጣ ነው።»

ናጅዋ ግን ቆመች። የሲኖ ድምፅ መጥቶ ያልፋል፤ ይኼኛው ይመጣል እንጂ አያልፍም። ግራሩ ሥር ተኝተው የነበሩ ፍየሎች ማንም ሳይነካቸው ብድግ ብድግ ብለው ዳገቱን መውጣት ጀመሩ።

«ጎርፍ ነው! ኤደን፣ ውጪ! ጎርፍ ነው!»

ሮጡ። አሸዋ ላይ መሮጥ ደግሞ መከራ ነው፤ እግርን ይዞ አልለቅም ይላል። ኤደን ቀድማ ዳር ወጣች። ናጅዋ ሙጂብን እየጎተተች ዳገቱ ሥር ስትደርስ ልጁ እጁን መንጭቆ ወደ ኋላ ዞረ።

«ጫማዬ! ጫማዬ ወለቀ!»

«ተወው! ሙጂብ፣ ተወው!»

የዒድ ጫማው ነው፣ እንዴት ይተወዋል! ናጅዋ ተከትላው ስትመለስ ውሃውን አየችው። ቡናማ ነው፤ ግንድ፣ የፕላስቲክ ጠርሙስና እሾህ እየገፋ በወንዙ ሙሉ ስፋት ይመጣል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ ይኼኛው ግን የማሳሳቂያ ጊዜ አልነበረውም። «ያ አላህ! ያ አላህ!» እያለች የሙጂብን ቦርሳ ማንገቻ ጨመደደችና ጎተተችው። ውሃው ጉልበቷን መታት። እግሯ ከሥሯ ሲሸሽ ተሰማት፤ አለቀልኝ አለች በልቧ። ኤደን ስልኳን ሣሩ ላይ ወርውራ፣ በአንድ እጇ የግራሩን ሥር፣ በሌላው የናጅዋን ክንድ ይዛ እየጮኸች ሳበቻት። ሦስቱም ዳሩ ላይ ተነባብረው ወደቁ።

ጫማው ሄደ። ሙጂብ አላለቀሰም። አፉን ከፍቶ፣ ሲራመድበት የነበረው ቦታ ላይ የሚያገሳውን ውሃ ያያል።

እዚያ ያደረሳቸው የትምህርት ቤቱ ሥራ ነው። ከተማው አዲስ መናኸሪያ ሊሠራ ነው፤ በዙሪያውም አዲስ ሰፈር። ዛሬ በሮቢት ዳቦ ለመግዛትም ባጃጅ፣ ለሐኪምም ባጃጅ ነው። በእግሩ የሚሄድ ሰው ደግሞ ከሲኖ ጋር እየተጋፋ አስፋልቱን ይሻገራል። ማዘጋጃ ቤቱ ተማሪዎችም ሐሳብ ያቅርቡ ሲል ናጅዋና ኤደን የካርቶን ሞዴል ሠሩ። ታች ሱቅና ዳቦ ቤት፣ ላይ መኖሪያ፤ ጤና ጣቢያውና ትምህርት ቤቱ ለመናኸሪያው ቅርብ፤ ሕፃንም ሽማግሌም ባጃጅ ሳይጠራ በእግሩ የሚደርስበት ሰፈር። በመሀሉም መኪና የማይገባበት የእግረኛ መንገድ፣ በአሸዋው ላይ፣ በግራሮቹ ጥላ ሥር።

የመናኸሪያውን ሥራ የያዘችው፣ ወንዙን በበጋ ብቻ ያየችው ኢንጂነር ሰላማዊት ሞዴሉን ስታይ ፊቷ በራ። «ቤት አይፈርስ፣ ማንም አይነሳ! እንዴት አሰባችሁት?» አለች። ከሌሎቹ ሁሉ የእነሱ ተመረጠ። በነገታው ሕዝብ በተጠራበት ስብሰባ ከዚህ ቪዲዮ ጋር ሊያቀርቡት ነው።

እንዴት እንዳሰቡት የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ኤደን መጀመሪያ መንገዱን ያሰመረችው በላይኛው በኩል፣ በመስጊዱ ጥግ ነበር። ያ መስመር ሄዶ ሄዶ የናጅዋን አባት የልብስ ስፌት ሱቅ ይበላል። «እዚህማ አይሆንም! በአሸዋው እናሳልፈው፣ በጋውን ሁሉ ሰው የሚሄደው በዚያ አይደል?» ብላ እርሳሱን የነጠቀቻት ናጅዋ ነበረች። ስለ በልግ ያኔም ታውቅ ነበር፤ ማሰብ አልፈለገችም እንጂ።

«ስሚኝ» አለች ኤደን፣ የሙጂብን እግር በነጠላዋ እየጠረገች። «ማንም ምንም አልሆነም፣ አይደል? የጎርፉን ቦታ እቆርጠዋለሁ። የመጀመሪያው ክፍል ቆንጆ ነው።»

«ኤደን፣ ወንድሜ ሊሞት ነበር።»

«አውቃለሁ! ግን በዓመት ስንቴ ነው የሚመጣው? አጥር ይሠሩለታል፣ መሐንዲሶች አይደሉ እንዴ! ደግሞ መንገዱ በዚህ ካላለፈ በየት እንደሚያልፍ ታውቂዋለሽ።»

ናጅዋ ሙጂብን አቅፋ ጆሮው ሥር «ለአባ እንዳትነግር፣ እሺ?» አለችው። ልጁ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ይህን ስትለው በራሷ አፈረች፤ ግን አለችው።

አባቷን አብዱልሀኪምን የስፌት መኪናው ላይ አጎንብሶ አገኙት። ፊት ለፊት ሱቅ፣ ከጀርባ መኖሪያ የሆነችውን ያቺን ቤት ያቆማት ጅዳ ላይ ስንት ዓመት ብሎኬት ተሸክሞ ነው። ሽጣት፣ ለውጣት ቢሉት በጭራሽ አይሰማም።

«ይኼ ምን ጭቃ ነው? ጫማህስ የት ገባ?»

«ኳስ ሲጫወት ጠፋበት፣ አባ» አለች ናጅዋ ፈጥና። ሙጂብ ቀና ብሎ አያት።

«አይ የዘንድሮ ልጅ! ይሁን፣ አብሽሪ፣ ሌላ ይገዛለታል።» አባቷ ፈገግ አለ። «ነገ ሱቁን ዘግቼ እመጣለሁ። ለመስጊዱ ጀማዓ ሁሉ ነግሬያለሁ። የአብዱልሀኪም ልጅ ከተማ ነደፈች ሲባል እኔ ሱቅ ተቀምጬ ቁልፍ ልተክል ነው?»

ናጅዋ ፈገግ ለማለት ሞከረች፤ ከንፈሯ እንቢ አላት። እዚያው ልንገረው ብላ አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ብትነግረው ሱቁ ይሄዳል፣ ብትተወው ደግሞ ያ ውሃ አለ። የቱን የበለጠ እንደፈራች ለራሷም አልገባትም።

ሙጂብ እራቱን ነካክቶ ተወው። ውሃ የተቀዳበትን ጣሳ እንኳ ከፊቱ ገፋው። ሌሎቹ ሲነሱ ተጠግቷት ቀሚሷን ጎተተ።

«ናጁ፣ መንገዱ ሲሠራ ትምህርት ቤት የምሄደው በዚያ ነው?»

«ለምን ጠየቅከኝ?»

«ሙሀባና እነ ኢልያስስ በዚያ ነው የሚሄዱት? እነሱ እኮ መሮጥ አይችሉም።»

ሙሀባና ኢልያስ የጎረቤት ልጆች ናቸው፤ ገና መዋዕለ ሕፃናት። ናጅዋ ጭንቅላቱን ዳበሰችው።

በማግስቱ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። አባቷ ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ ፊት ተቀምጧል፤ አጠገቡ ያለውን ሰው በክርኑ እየጎሸመ በጣቱ እሷን ያሳያል። ኤደን ቪዲዮውን ከፈተችው። ሙጂብ በግራሮቹ ጥላ ይንጎራደዳል፤ ናጅዋ ዘንቢሏን ይዛ ትከተለዋለች። ሰው ሳቀ፣ አጨበጨበ። «ማሻአላህ!» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። ምስሉ እዚያው ላይ ተቆረጠ።

«ጥያቄ ያለው?» አለች ኢንጂነር ሰላማዊት። የሚጠይቅ አልነበረም። ሁሉም ይህን አሸዋ ያውቀዋል፤ ግን ደረቅ ሆኖ አምሮባቸው አዩት፣ ከጥላውም ጋር ወደዱት። ናጅዋ አንድ ሰው እንዲጠይቅ በልቧ ለመነች። አንድ ሰው ብቻ! ማንም አልጠየቀም።

«ቪዲዮው አላለቀም» አለች።

ኤደን ዞር ብላ ዓይኗን አፈጠጠችባት። «ናጅዋ፣ ባክሽ ተዪ» አለች በሹክሹክታ።

«ቀሪውን ክፈቺው፣ ኤደን። አላጠፋሽውም አይደል፣ እዚያው ስልክሽ ላይ አለ። በአላህ ይዤሻለሁ።»

ኤደን ዓይኗን ወደ ስልኳ መልሳ አንዴ ነካችው።

ምስሉ በሩጫው ተናወጠና ከዚያ የሚታይ ነገር ጠፋ። ሣር ላይ የወደቀ ስልክ የሚያየው ሰማይ ብቻ፤ ጥርት ያለ፣ ደመና የሌለው የሮቢት ሰማይ። ድምፁ ግን አዳራሹን ሞላው። የውሃው ግሳት፣ የኤደን ጩኸት፣ «ያ አላህ!» የሚለው የናጅዋ ድምፅ፣ ከዚያ የልጅ ጩኸት። አባቷ ከወንበሩ ተነሳ። ልጁን በድምፁ አውቆታል።

ቪዲዮው አበቃ።

«ትናንት ነው» አለች ናጅዋ። «እንደዚያ ፀሐይ እያለ ነው የመጣው። መንገዱን በዚያ ያሰመርኩት እኔ ነኝ። ልጆች እንዲሄዱበት መደረግ የለበትም።»

ኢንጂነር ሰላማዊት ወደ ሞዴሉ ቀረበች። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም። «እሺ፣ የኔ እህት» አለች ረጋ ብላ። «ታዲያ በየት ይለፍ?»

ናጅዋ በካርቶኑ ሰፈር ላይ ጎንበስ አለች። ጣቷን ከመናኸሪያው አስነስታ በጤና ጣቢያው ጎን፣ በላይኛው መንገድ፣ በኒም ዛፎቹ ጥላ እስከ መስጊዱ ጥግ ወሰደችውና አቆመችው።

«እዚህ ጋ እኮ ቤት አለ» አለች ኢንጂነሯ፣ ጎንበስ ብላ እያየች። «ፊቱ ሳይነካ መንገድ አይወጣም። የማን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

ናጅዋ ቀና ብላ የአባቷን ፊት ፈለገች። እንደ ቆመ ነው፤ እሷን ብቻ ያያል። በሕይወቷ እንደዚያ ቅጽበት ፈርታ አታውቅም።

«የእኛ ነው» አለች።