ከግራው በር ልባስ ሥር

የፍኖተ ሰላሙ በርበሬ ነጋዴ መሐመድአወል ማንኩሳ መግቢያ ላይ፣ በአሮጌ ቮልሱ መሪ ላይ ተደፍቶ ተገኘ። ጥይት ከጎን ወደ ጎን በስቶታል። የግራው መስኮት ክፍት ነበር።

ፖሊሶች ከመንገዱ ማዶ ካለው ማሳ ተተኮሰበት አሉ። ማሳው በርበሬ የሚሸጥለት የገበሬው የቂርቆስ ነው። መሐመድአወል ደግሞ በገበያ ቀን፣ “በርበሬህን ውኃ እያርከፈከፍህ አሻገትክብኝ” ብሎ አዋርዶት ነበር። ከዚህ በላይ ማስረጃ የፈለገ አልነበረም። ሟቹ በዕለቱ ተቀበረ፤ ቁስሉን በቅጡ ያየው የለም። ቂርቆስ ታሰረ።

የሟቹ ልጅ ሁስናም እሱኑ ነበር የረገመችው። በየገበያው “ይሰቀልልኝ” ብላለች።

መኪናውን ከፖሊስ የተረከበው አጎቷ፣ የእናቷ ወንድምና የአባቷ መጋዘን ኃላፊ አብዱሰመድ ነው። “ደሙን ልጆቹ እንዳያዩት” ብሎ ቡሬ ወሰደውና የበሮቹ የውስጥ ልባስ ተቀየረ። አገር መረቀው።

ልባሱ ግን በቅጡ ስላልተገጠመ ክረምቱ ሳይወጣ ተላቀቀ። ሁስና የአባቷ መኪና እንደዚያ ሆኖ ማየት አንገበገባት። አዲስ አሰፍታ፣ አባቷ እንዳሳያት ራሷ ልትገጥመው ግቢ ውስጥ ተቀመጠች። የመስታወት ማውረጃውን እጀታ በካቻቢቴ ፈታች። የግራውን በር ልባስ ከጠርዙ ፈልቅቃ ሳበችው።

የውስጠኛው ቆርቆሮ ተበስቷል። የቀዳዳው ጠርዝ ወደ ውጭ ተቀልብሷል። የስልኳን መብራት አበራች፤ ከበሩ ሆድ ግርጌ የተጨማደደ ጥይት ወድቋል። አልነካችውም። ዞራ የውጭውን ቆርቆሮ አየች፤ ደህና ነው።

ከማሳ የመጣ ጥይት በርን ከውስጥ አይበሳም። ገዳዩ ከአባቷ ጎን ተቀምጦ ነበር።

ሁስና የጠራቻት መርማሪ ፀደንያ በሩን አይታ ጥርሷን ነከሰች። “ደሙን አይተው ፊታቸውን አዙረዋል” አለች ስለ ባልደረቦቿ። ከዚያ ቡሬ ወርዳ ልባሱን የሰፋውን ይሄይስን ጠየቀችው።

“እኔ ሰፍቼ ሰጠሁ እንጂ መኪናውን አልነካሁም” አለ ይሄይስ። “ሰውየው ራሱ ነቀለ፣ ራሱ ገጠመ። አሮጌውን ከጓሮዬ አቃጠለው። ኀዘን ነው ብዬ ዝም አልኩ።”

አብዱሰመድ ጣቢያ ተጠርቶ መጣ። ሁስናም ጥግ ላይ ተቀመጠች።

“የዚያን ቀን የት ነበሩ?” አለች ፀደንያ።

“መጋዘን።”

“መኪናው ውስጥስ?”

“አልነበርሁም። ቂርቆስ በመስኮት ተኮሰ፤ አገር ያወቀው ነው።”

“ታዲያ ልባሱን ለምን አቃጠሉት?” አለች ሁስና።

“ጥይት የበሳውን ምን ላድርገው?”



“የግራውን በር ቀዳዳ አይተዋል ማለት ነው” አለች ፀደንያ። “አይተው፣ ሰው ታስሮ ዝም አሉ።”

መጋዘኑ ሲፈተሽ ሽጉጡ ከበርበሬ ጆንያ ሥር ወጣ። ያኔ አመነ። መጋዘን የገባው የቂርቆስ በርበሬ ሲሸጥ በሚዛን እንዲከብድ ውኃ ያርከፈክፍ የነበረው እሱ ነው። መሐመድአወል ደርሶበት፣ “ና፣ በሐሰት ያዋረድኩትን ሰው አብረን ይቅርታ እንጠይቅ፤ በገበያውም ፊት ትናገራለህ” ብሎ መኪናው ላይ አስቀመጠው። ማንኩሳ መግቢያ ላይ ሲደርሱ ተኮሰበት።

“ለቅሶ ላይ ትከሻዬን ደግፈውኝ ነበር” አለች ሁስና። “በዚያው እጅ።”

አብዱሰመድ አንገቱን ደፋ። እሷ ተነሥታ ወጣች።

ቂርቆስ የተፈታ ዕለት እስር ቤቱ በር ላይ ጠበቀችው። ከስቷል።

“ጋሽ ቂርቆስ፣ አባቴ የዚያን ቀን ይቅርታ ሊጠይቅዎ ነበር የሚመጣው።”

ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።

“እሳቸውን ይቅር ብያለሁ” አለ። “አንቺን ግን ዛሬ አልችልም። ልጆቼ የገዳይ ልጅ እየተባሉ ነው የከረሙት።”

ሁስና ያስቆመችለትን ባጃጅ አልፎ፣ በእግሩ ወደ ማንኩሳ አቀና።