በእጅ የሚጸዱት አሥራ አንድ መስመሮች

ጨዋታው ድልድዩ መሃል ላይ ሲደርስ ድርግም አለ። ማስጠንቀቂያ የለ፣ የስህተት መልእክት የለ፤ ወንዙም ሰማዩም ባንዴ ጠፍተው የኮምፒውተሩ ባዶ ገጽ ብቻ ቀረ።

«ሦስተኛ!» አለች አለቃ፣ በመዳፏ ጠረጴዛውን ጠፍ አድርጋ። «ነገ ጠዋት በትምህርት ቤቱ ኤግዚቢሽን እንግዶች ፊት እንዲህ ቢያደርገን ምን ይውጠናል?»

አለቃ እውነተኛ ስሟ አይደለም። ሁለት ልጆች ሲጣሉ ካየች ሳትጠራ መሃል ገብታ ትፈርዳለች፤ ስሙም ከዚያ ነው የወጣላት። አጠገቧ የተቀመጠው ልጅ አናጢው ይባላል። አናጢ እንኳ አባቱ ናቸው፤ እሱ መዶሻ የሚይዘው ከስንት አንዴ ነው። ከኋላቸው ቆማ ጥፍሯን የምትነክሰው ደግሞ ቀጮ ናት፤ ይሄ ሁሉ ጉድ የእሷ ነው።

ሦስቱ የኮምፒውተር መምህራቸውን አስፈቅደው ሦስት ወር ሙሉ አንድ ጨዋታ ውስጥ የራሳቸውን ሰፈር ሲገነቡ ከርመዋል። ሰው በጨዋታ ላይ የሚጨምረው እንዲህ ያለ ሥራ ሞድ ይባላል፤ የሚቀመጠውም ፕለጊን በሚባሉ ፋይሎች ውስጥ ነው። አለቃ ቤቶቹንና መንገዱን ሠራች። አናጢው የሠራው ድልድይ ብቻ ነው፤ ግን ምን ዓይነት ድልድይ! አባቱ በወረቀት የሣሉለትን ከፊቱ አስቀምጦ እያንዳንዱን ሳንቃ ለየብቻ ነው የገጠመው። ቀጮ ፋይሎቹን አጸዳች። ወይም አጸዳሁ አለች።

«ፋይሎቹ ጸድተዋል አይደል?» አለቃ ዞር ብላ ጠየቀቻት።

«ጸድተዋል።»

«በእጅ የሚጸዱትም?»

«አዎ አልኩሽ እኮ! ስንቴ ልንገርሽ?»

ድምፅዋ ከሚገባው በላይ ጮኾ ተሰማት። አናጢው ቀና ብሎ አያት፤ ዓይኗን ወደ መስኮቱ አሸሸች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጨዋታውን የሠሩት ሰዎች በኋላ ባወጧቸው ተጨማሪ ፋይሎች ውስጥ ረስተው የተዉት ቆሻሻ አለ፤ ያለ ምክንያት የተነካ ዛፍ፣ ሳይታሰብ የተሰረዘ ነገር። አብዛኛውን አንድ ማጽጃ ፕሮግራም በራሱ ይጠርገዋል። በአንደኛው ፋይል ውስጥ ግን አሥራ አንድ መስመሮች አሉ፤ እነሱን ሰው ቁጭ ብሎ፣ አንድ በአንድ እያየ፣ በእጁ ማስተካከል አለበት። ያስፈልጋል አያስፈልግም በሚለው ላይ የጨዋታው ወዳጆች በኢንተርኔት ሲነታረኩ ዓመታት ተቆጥረዋል። አንዱ «ሳታጸዱ ተጫወቱና ታዩታላችሁ» ይላል። ሌላው «እኔ በእጄ አጽድቼ አላውቅም፣ ምንም አልሆንኩም፣ ዝም ብሎ ጊዜ ማባከን ነው» ይላል። ቀጮ ሁለቱንም አንብባ ያመነችው የሚመቻትን ነው።

ስንፍና ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ፈርታ ነው። ፋይሉን ስትከፍተው በሺህ የሚቆጠር መስመር ፊቷ ተደረደረ። አንዱን ተሳስታ ብትነካ የሦስት ወር ልፋታቸው ገደል የሚገባ መሰላት፤ መልሳ ዘጋችው። ከዚያ ግድግዳው ላይ በተለጠፈው የሥራ ዝርዝር፣ «በእጅ ማጽዳት» ከሚለው ጎን ራይት አደረገች። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ። የእሷ ግን ሁለት ሳምንት አደረና ጭራሽ ከበደ።

«እስቲ ድልድዩን እናውጣው» አለች አለቃ።

«ለምን?» አለ አናጢው።

«ለመሞከር ነዋ! ሁሌ እዛ ላይ አይደል የሚዘጋው?»

የድልድዩን ፕለጊን አጥፍታ ጨዋታውን እንደገና ከፈተች። በወንዙ ዳር ወዲህ ሄደች፣ ወዲያ ሄደች፣ ዋኝታ ተሻገረች፣ ተመለሰች። ጨዋታው ወይ ፍንክች!

«ይኸው!» አለች። «አናጢው፣ እንዳይከፋህ፤ ግን ነገ ያለ ድልድዩ ነው የምናቀርበው።»

«ደጋግሜ አይቼዋለሁ እኮ። አንድ ሳንቃ እንኳ አልተዛነፈም።»

«ሆን ብለህ ነው አላልኩም። ግን በዓይንህ አየኸው፤ ሲወጣ ይሠራል፣ ሲገባ ይዘጋል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ?»

«አባዬ ሊመጣ ነበር» አለ አናጢው። «ድልድዩን ሊያይ። ለነገ ከሥራ አስፈቅዷል።»

አናጢው ቦርሳውን አነሳ፣ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ገፋ አድርጎ አስተካከለ፣ በሩን ቀስ ብሎ ዘግቶ ወጣ። ቢጮህ፣ በሩን ቢያላጋው ለቀጮ በተሻላት ነበር።

«አንጀቴን በላው» አለች አለቃ። «ግን ምን ላድርግ? ነገ ከመዋረድ ዛሬ ማውጣት ይሻላል። በይ፣ አዳራሹ ውስጥ ጠረጴዛ አዘጋጅተውልን እንደሆነ አይቼ መጣሁ። አንቺ ፋይሎቹን ፍላሽ ላይ ገልብጪ።»

ቀጮ ብቻዋን ቀረች። እንግዲህ ተገላገለች ማለት ነው። ድልድዩ ከሌለ አሥራ አንዱ መስመሮች ማንንም አይነኩም፤ ውሸቷም እዚያው ተቀብሮ ይቀራል። ነገ ጨዋታው ይከፈታል፣ ሰው ያጨበጭባል፣ አበቃ። ታዲያ ፍርሃቷ ለምን አልለቀቃትም? አለቃን ስለምታውቃት ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ልጅ ስለ ቡድን ሥራ ዋሽቷት፣ ዓመቱ እስኪያልቅ ሰላም አላለችውም፤ ክፍሉም እሷን ተከትሎ «ውሸታሙ» እያለ ሲጠራው ከረመ። ቀጮ ደግሞ ከእነዚህ ሁለቱ ሌላ ጓደኛ የላትም። ምሳ ብቻዋን ስትበላ፣ ኮሪደር ላይ ሲጠቋቆሙባት ታያት።

ምናልባት እኮ እውነትም ድልድዩ ይሆናል፣ አለች ለራሷ። ማንም በእጅ ሳያጸዳ እየተጫወተ አይደል? ይህን ማወቂያው አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ እሱን ነው የፈራችው።

ፋይሉን ቅጂ አስቀመጠችለትና ከፈተችው። መመሪያውን በአንድ በኩል፣ ፋይሉን በሌላ በኩል አድርጋ ጀመረች። አንደኛው መስመር። ሁለተኛው። ኮሪደሩ ላይ ኮቴ ሲሰማ ትንፋሿን ይዛ ትጠብቃለች፤ ሲያልፍ ትቀጥላለች። ሰባተኛው ላይ ስትደርስ ቆመች። «የወንዝ መሃል ድንጋይ፦ ተሰርዟል» ይላል። አናጢው የድልድዩን አንድ እግር ያሳረፈው ትልቅ ድንጋይ ላይ ነው። ጨዋታው ድልድዩ ላይ ሲደርስ ያንን ድንጋይ ይፈልጋል፤ ሲያጣው ይዘጋል። ድንጋዩን ወደ ቦታው መለሰችውና ወደ ስምንተኛው ሄደች።

አሥራ አንዱም ሃያ ደቂቃ አልፈጁባትም። ሁለት ሳምንት ያስጨነቃት ነገር ሃያ ደቂቃ!

ድልድዩን መልሳ አስገባችና ጨዋታውን ከፈተች። ወንዙ ታየ፤ ድልድዩ ታየ። «ተዘጋ» አለች በሹክሹክታ። «በናትህ፣ ተዘጋ።» ጨዋታ እንዲዘጋላት የለመነች ተጫዋች ከእሷ በፊት መኖሯን እንጃ። ቢዘጋ ጥፋቱ የድልድዩ ነው፤ እሷ ነጻ ናት። መሃል ደረሰች። ዓይኗን ጨፈነች፣ ገለጠች። አለፈችው። ማዶ ደርሳ ተመለሰች፣ እንደገና ተሻገረች፣ እየሮጠችም ሞከረችው። ሳንቃዎቹ ከእግሯ ሥር ቋ ቋ ይላሉ እንጂ ጨዋታው አልተዘጋም። የፈሩት ይደርሳል፤ ደረሰ።

«እንዴ!» አለች አለቃ ከበሩ። ቀጮ መግባቷን እንኳ አልሰማችም። «ድልድዩ አይደል እንዴ ይሄ? ሠራ?» ማውሱን ነጥቃ ራሷ ተሻገረች። ሁለቴ ተመላለሰችና ዘላ አቀፈቻት። «አንቺ ጉደኛ! የአናጢውን ስህተት ሃያ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ አስተካከልሽው? እኔስ ተስፋ ቆርጬ ነበር! እሱ ቢሰማ እግርሽ ላይ ነው የሚወድቀው።»

እነሆ ለቀጮ ማምለጫ በር ወለል ብሎ ተከፈተላት። «አዎ» ማለት ብቻ ነው። ድልድዩ ይመለሳል፣ አባትየው ያዩታል፣ አለቃም እንዳቀፈቻት ትቀራለች። ማን ተጎዳ? ከዚያ ግን አናጢው ነገ ጠዋት ወደ እሷ ሲመጣ ታያት፤ ሥራዬን ያበላሸሁት እኔ ነኝ ብሎ አምኖ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ «ቀጮ፣ አመሰግናለሁ» ሲላት። ከመጠቋቆሙም፣ ብቻዋን ምሳ ከመብላቱም ይልቅ ይህ አስፈራት።

«ምኑ ነበር የተበላሸው?» አለች አለቃ።

«ድልድዩ ምንም አልሆነም ነበር» አለች ቀጮ።

«እና?»

«አሥራ አንዱን መስመር አላጸዳኋቸውም ነበር። አሁን ነው ያጸዳኋቸው።»

የአለቃ እጅ ከትከሻዋ ላይ ቀስ ብሎ ወረደ። ቀጮ ጩኸት ጠብቃ አንገቷን ወደ ውስጥ ቀበረች፤ ጩኸቱ ግን አልመጣም።

«ዛሬ እንኳ ጠየቅኩሽ» አለች አለቃ። «እሱ ፊት ጠየቅኩሽ። ሲወጣም እያየሽው ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«እኔ አልነግርልሽም። አንቺ ነሽ የምትነግሪው።»

ቀጮ ወጣች። ደረጃውን ወረደች። ሄዶ ቢሆን፣ አለች በልቧ፤ ወዲያው ደግሞ ባልሄደ አለች። ምን እንደምትመኝ ራሷም ጠፋባት።

አናጢው ግቢው በር ላይ ካለው የጥበቃ ቤት አጠገብ ቆሞ በጥበቃው ስልክ ከአባቱ ጋር ያወራል። ጥበቃው ወንበራቸው ላይ ተመቻችተው፣ «አንተ ልጅ፣ ቶሎ በል፤ ባትሪዬን ጨረስከው» ይላሉ።

«አይ፣ ደህና ነኝ» ይላል አናጢው ጀርባውን ሰጥቶ። «ዝም ብለህ ነገ አትምጣ ማለቴ ነው። ድልድዩን አወጡት... አይደለም አባዬ፣ አንተ የሣልከውማ ልክ ነው። እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ምኑ ጋ እንደሆነ እንጃ፣ ግን እኔ ነኝ።»

ቀጮ ባለችበት ደርቃ ቀረች። አላያትም። አሁን ብትመለስ ማንም አያውቅባትም። ያም ሆኖ ሄዳ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«ስልኩን ስጠኝ» አለችው።

«ምን?»

«አትዝጋው። በናትህ ስጠኝ።»

ምን ነካት በሚል ዓይን እያያት ሰጣት። ጆሮዋ ላይ አደረገችው። ከወዲያ ማዶ ሲጮህ የነበረ መጋዝ ጸጥ አለ።

«ሄሎ» አለች።

«ሄሎ፣ ማን ልበል?» አለ ወፈር ያለ የትልቅ ሰው ድምፅ።

አናጢው ዓይኑን ከእሷ ላይ አልነቀለም። ጓደኛው ነኝ ማለት አልደፈረችም።

«ፋይሎቹን ማጽዳት የነበረብኝ እኔ ነኝ» አለች። «ልጅዎ ምንም አላበላሸም። ድልድዩን ሊያዩት ነገ ይምጡ።»