የቀኙ እግር ዘይት

ዓይናዲስ የፊት ፍሬኑን ጨብጣ ባላት ክብደት ሁሉ መሪው ላይ ተጫነች። ሞተሯ ጎንበስ አለች። ጎንበስ አለችና እዚያው ቀረች።

«ተነሽ እንጂ!» አለቻት።

አልተነሳችም። ጤነኛ ሞተር ሲጫኗት ትወርድና ቀስ ብላ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች። ይቺ ግን እንዳኮረፈ ልጅ አንገቷን ደፍታ ቆመች። ዓይናዲስ መሪውን በሁለት እጇ ወደ ላይ ስባ ስታነሳት ከውስጥ «ቋ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ሐሙስ ከትምህርት ቤት መልስ ስትሠራት አምሽታ፣ ቅዳሜ ጠዋት እንዲህ ትሁን? ማልቀስ ማልቀስ አላት።

«ደረሰች?» አለች እናቷ ለተሥላሴ። ከኪራይ ቤቱ ደጃፍ ፀሐይ ላይ ተቀምጣለች። ግራ ዓይኗ ከትናንት በስቲያ ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት በነጭ ፋሻ ተሸፍኗል።

«ትንሽ ቀርታለች እማ።»

«ደግሰውስ ምን አለሽ?»

ዓይናዲስ መሬት ላይ ብሎን የወደቀባት መስላ አጎነበሰች። «ሁለቱን እግር እኩል አድርጊ አለኝ።»

«ተመስገን። እሱ ካለበት እኔ ምን አስጨነቀኝ!»

ውሸት ነው። ደግሰው ምንም አላለም። ደግሰው ከደወለ ዘጠኝ ሳምንት ሆኖታል።

ደግሰው ታላቅ ወንድሟ ነው። ከደሃና ወረዳ ገጠር አምጥቶ ሰቆጣ ያስገባት፣ ቤት ተከራይቶ ያስተማራት እሱ ነው። ዕድሜዋ የዓይናዲስን ሁለት እጥፍ በሚሆን በዚህች አሮጌ የጃፓን ሞተር በየመንደሩ ሰውና ዕቃ ያመላልስ ነበር። አምና ሳውዲ ሄደ። ሲሄድ የቤቱን ቁልፍ፣ አንድ ስልክና ሞተሯን ትቶላት፣ «አደራ፣ ቆማ እንዳትዝግ» አላት። መጀመሪያ ሰሞን በየሳምንቱ ይደውል ነበር። ከዚያ «ቦታ ልቀይር ነው፣ ኔትወርክ ላይኖር ይችላል» የሚል አጭር ድምፅ ላከና ጠፋ።

በመጀመሪያው ሳምንት እናቷ ወደ ከተማ በሚመጣ ሰው ልካ ስትጠይቃት «ደውሏል» አለች። ነገ ይደውል የለ፣ እናቷን ለምን ታስጨንቃት! በሁለተኛውም ሳምንት እንደዚያው አለች። በሦስተኛው ደግሞ «ሰላም በይልኝ ብሏል» ብላ ጨመረችበት። እናቷ ያለችበት መንደር ኔትወርክ የሚባል ነገር አይደርስም፤ የምትሰማው ከእሷ ብቻ ነው። ውሸቱ እያደር ሥራ አበዛባት። ደግሰው ጉንፋን ያዘው፣ ደግሰው ተሻለው፣ ደግሰው ገንፎ አማረው! አንዳንዴ ራሷም ታምነውና ደስ ይላታል። ከዚያ ቤቷ ትገባለች፤ ቤቱ ጭር ብሏል።

ክፍል ውስጥ «የሷ ሙድ አይገባም» ይሏታል። እንዴት ይግባ፣ ስለ ቤቷ ከተጠየቀች መዋሸት ሊኖርባት ነው፤ ስለዚህ ዝም ትላለች። የምታወራው ከሞተሯ ጋር ነው። ሌባ ስለሚያሰጋ ሞተሯ ቤት ውስጥ፣ ከአልጋዋ ግርጌ ነው የምታድረው። «ዛሬ ሒሳብ አሥር ከአሥር አገኘሁ» ትላታለች። ሞተሯ ቤንዚን ቤንዚን እየሸተተች ትሰማታለች። ሌላ ማን አላት?

አሁን እንባዋን ዋጠችና ማሰብ ጀመረች። የፊት ጎማውን በግራና በቀኝ የያዙትን ሁለት ቱቦዎች ደግሰው «እግሮቿ» ነው የሚላቸው። ውስጣቸው ሞላና ዘይት አለ። ሞላው ይገፋል፤ ዘይቱ ያረጋጋዋል። የግራው ኦይልሲል፣ ያ ዘይቱን አፍኖ የሚይዘው ጎማ፣ ተበልቶ ያንጠባጥብ ነበር። ሐሙስ አዲስ አስገባችለት፤ ዘይቱንም በሲሪንጅ እየለካች ሞላች። ታዲያ ምኑን አበላሸችው?

«ፔርኖው!» አለች ጮክ ብላ።

ፔርኖው ጎማውን በሁለቱ እግሮች መሀል ይዞ የሚያሽከረክረው ወፍራም ብረት ነው። «ፔርኖውን ከማጥበቅሽ በፊት ሦስት ጊዜ አወዛውዣት፤ እግሮቿ ቦታቸውን ራሳቸው ይፈልጉ» ይል ነበር ደግሰው። ሐሙስ ቸኩላ ረስታው ይሆናል። የፔርኖውን ማጥበቂያ ዳዶ አላላች፣ ሦስት ጊዜ አወዛወዘቻት፣ መልሳ አጠበቀች። ተጫነች። ሞተሯ ወረደች፤ አሁንም እዚያው ቀረች።

የቀረው ቀኙ እግር ነው። ስልኳን አወጣችና የደግሰውን የድሮ መልእክት ከፈተች። ስንት ጊዜ ሰምታዋለች፤ የቱ ጋ እንደሚያስል ሁሉ ታውቃለች።

«…ግራው ካፈሰሰ ኦይልሲሉን ቀይሪው። ቀኙን ግን አትንኪው፣ እሽ? እሱን እኔ ራሴ በኦሪጅናል ዘይት ሞልቸዋለሁ። ቀኙ አያሳስብሽ።»

አልነካችውም። ደግሰው አትንኪ ያለውን ማን ይነካል!

ይህን ጊዜ ወንዳወቅ መጣ። የደግሰው የልብ ጓደኛ ነው፤ የራሱ ሞተር ጎማው ተበልቶ ስለቆመ ዛሬ ለተሥላሴን በዚችኛዋ ሊያደርሳት ተስማምቷል። መኪና የሚገኘው ሰኞ ነው፤ እሱም ቢሆን መንገድ ዳር ጥሏት ይሄዳል። ከዚያ እስከ ቤቷ የሁለት ሰዓት ገደል ነው፤ በአንድ ዓይን በእግር የሚሞከር አይደለም። ለተሥላሴ ደግሞ ላሟ ለመውለድ ደርሳለችና አንድ ቀን እንኳ ማደር አልፈለገችም።

«እትዬ ለተሥላሴ፣ እንዴት አደሩ? ዓይንዎ እንዴት ነው?»

«እግዜር ይመስገን ልጄ፣ ደህና ነው።»

«ዛሬ እንደ ሙሽራ ነው የማደርስዎ!»

«ሂድ ወዲያ፣ አንተ ቀላማጅ!» ለተሥላሴ ሳቀች።

ወንዳወቅ ሞተሯ ላይ ወጥቶ ሁለት ጊዜ ገፋ ገፋ አደረጋት። «ደረቅ አለች እንዴ? ለነገሩ ሼባ ናት፣ ምን ይደረግ» አለ። «ደጌ እየነገረሽ ነው የሠራሻት አይደል?»

«አዎ።»

«በቃ፣ እሱ ካለ አለቀ! አሪፍ ነሽ። ቤንዚን ፈልጌ መጣሁ፤ እናትሽን አዘጋጃት።»

ሄደ። ዓይናዲስ መንገዱን ታውቀዋለች። ወደ መንደራቸው የሚወስደው ቁልቁለት ድንጋይ በድንጋይ ነው። ሞተሯ የመጀመሪያውን ድንጋይ ትችለዋለች፤ ትወርዳለች። ሳትነሳ ሁለተኛው ይመጣል፤ ያኔ የምትወርድበት ቦታ አይኖራትም። መሪው ከወንዳወቅ እጅ ይፈናጠራል። ከኋላው ደግሞ ዓይኗ የታሸገ እናቷ አለች። 

ከሞተሯ ሆድ ሥር ጣውላና ድንጋይ ሰክታ የፊት ጎማውን ከመሬት አነሳች። የቀኙን እግር የላይኛ ክዳን በቁልፍ ፈታች። ሞላው እንደ ግራው ብድግ አላለም። በጣቷ ይዛ ስባ አወጣችው። ቡናማ ሙጫ ተለውሷል፤ እየተሳበ ይወርዳል እንጂ አይንጠባጠብም። የሞተር ዘይት እንዲህ አይሆንም። አሸተተችው።

ኑግ ነው።

ደግማ አሸተተችው። የወጥ ኑግ! ኧረ ወይ ጉድ!

ያኔ ትዝ አላት። መንገድ በተዘጋበት ዓመት፣ እሷ ትንሽ ልጅ ሳለች፣ ሰቆጣ ውስጥ እንኳን ለሞተር እግር የሚሆን የአሞርዛተር ዘይት ጨውም ጠፍቶ ነበር። ከእናታቸው የመጣው የኑግ ዘይት ጠርሙስ በአንድ ቀን ግማሽ ሆነ። «የጎረቤት ድመት ደፋችው» አለ ደግሰው። ሁለት ሳምንት ሽሮ ያለ ዘይት በሉ። ዓይናዲስ ያቺን ምስኪን ድመት ስንት ቀን በድንጋይ አባረረቻት! በዚያው ሰሞን ነው ደግሰው ሞተሯን አስነስቶ «ከሾፌር ኦሪጅናል ዘይት አገኘሁ» ብሎ ግቢውን ሁለቴ የዞራት።

ሳቋ አመለጣት። ሳቁ ሳያልቅ እንባዋ መጣ። ይሄ ዋሾ! እንዳትፈራ ብሎ ነው የዋሻት፤ ያ ይገባታል። እሱ ቢኖር ኖሮ ፊት ለፊት ትስቅበት ነበር፣ ያን ሙጫ አፍንጫው ላይ ትቀባው ነበር። ናፈቃት፤ ደረቷን እስኪያማት ናፈቃት።

ክዳኑን መልሳ መግጠም ትችላለች። ወንዳወቅ አያውቅም፤ «ቀስ ብለህ ንዳ» ብትለው ቀስ ብሎ ይነዳ ይሆናል። አትሄድም ካለች ግን ወንዳወቅ «ደጌ ጋ ደውዪና እንጠይቀው» ማለቱ አይቀርም። ደግሰው የለም ከተባለ ደግሞ እናቷ ብቻዋን ሰቆጣ አታስቀምጣትም። ትምህርቷ፣ ክፍሏ፣ ሞተሯ፣ ሁሉም ያበቃል። ክዳኑን በእጇ ይዛ ስንት ደቂቃ እንደቆመች አላወቀችም።

ወንዳወቅ ቤንዚን በላስቲክ ጠርሙስ ይዞ ተመለሰ። ለተሥላሴ ጥቅልሏን በነጠላዋ አስራ ተነሳች።

«ምነው ፈታሻት?» አለ ወንዳወቅ።

«አትሄድም» አለች ዓይናዲስ። «ቀኙ እግር ተጣብቋል። መታጠብ አለበት፣ ኦይልሲሉም ደርቋል። ሌላ ከወልድያ እስኪመጣ አትነዳም።»

«ኧረ ባክሽ! ደግሰው እየነገረኝ ነው የሠራኋት አላልሽም? ስልኩን አምጪው፣ እኔ ላናግረው።»

ዓይናዲስ እናቷን አየቻት። እናቷም በአንድ ዓይኗ ታያታለች።

«አልነገረኝም» አለች።  «ከደወለ ዘጠኝ ሳምንት ሆኖታል። ደውሏል ያልኩሽ ሁሉ ውሸት ነው እማ። ጉንፋኑም፣ ገንፎውም። የት እንዳለ አላውቅም።»

ወንዳወቅ ጠርሙሱን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ። «ዘጠኝ ሳምንት?» አለ ለራሱ። «እኔ እኮ ከእናንተ ጋር ያወራል ብዬ… እኔንም ዘግቶኛል።»

ለተሥላሴ ግድግዳውን እየዳበሰች መጣችና ሞተሯ አጠገብ ቁጢጥ አለች። እጇን ሰዳ የቀኙን እግር ነካች፤ ጣቷን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። 

«የኔ ኑግ ነው» አለች። «አጥብቄ ነው የምቆላው፤ ሽታው አይጠፋኝም። ድመት ደፋችው ያላችሁኝ ይሄ ነው?»

«አዎ እማ።»

«የዚህ ልጅ ነገር!» ያልታሸገውን ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች፤ ጠርጋ ሳትጨርስ ደግሞ እንባ ሞላው። ዓይናዲስ ቁጣውን ጠበቀች። እናቷ ግን፣ «ዘጠኝ ሳምንት ሙሉ ይህን ይዘሽ ብቻሽን ነበርሽ?» አለቻት።

ዓይናዲስ ቅባት በቅባት የሆነ እጇን ወደ ኋላ ደብቃ እናቷ ትከሻ ላይ ተደፋች።

ወንዳወቅ ጠርሙሱን አነሳ። «እኔ ያንዱን ሾፌር ቁጥር አውቃለሁ፣ ኦይልሲሉን በሱ እናስመጣለን። ሳውዲ ያሉ ልጆችንም እጠይቃለሁ። ለላሟም ወደ መንደር ለሚሄድ ሰው መልእክት እልካለሁ» አለና የሚሠራ ነገር ስላገኘ ፈጠን ብሎ ወጣ።

ለተሥላሴ ጥቅልሏን ፈታች። «እንግዲህ አድራለሁ» አለች። «ስለሌላው ነገ እንነጋገራለን። ነጭ ጋዝ አለሽ? ያን ሙጫ በምን ልታጥቢው ነው?»

«አለ እማ። ቆይ ግን፣ መጀመሪያ አንድ ነገር።»

ዓይናዲስ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ ስልኩን አወጣች። ዘጠኝ ሳምንት ሙሉ የላከችለት ሁሉ «ሰላም ነን፣ አታስብ» የሚል ነበር። የድምፁን ምልክት ተጫነች።

«ደጌ፣ ኑጉን አገኘሁት» አለች።  «አልተናደድኩም። ሞተሯን እየሠራኋት ነው። እኔ ግን ሰላም አይደለሁም፣ እማም ሰላም አይደለችም። ኦሪጅናል ወሬ አንፈልግም፤ እንዳለህ ሆነህ ደውል።»

ስልኩን ወደ እናቷ አፍ አስጠጋችው። ለተሥላሴ ስልክ ላይ ማውራት ስለማትወድ ፊቷን ልታዞር ነበር፤ ከዚያ ግን ጠጋ ብላ የልጇን ስም ጠርታ ረጅም ነገር በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ በኽምጣኛ ተናገረች። ደግሰው በሕፃንነቱ ሲያለቅስ ትለው የነበረውን ነው።

መልእክቱ ሄደ። አንዲት የመላክ ምልክት ወጣች፤ መድረሱን የምትነግረው ሁለተኛዋ አልወጣችም። ዓይናዲስ እንደ ወትሮው ስልኩን ኪሷ አልከተተችውም፤ እናቷም እንድታየው መስኮቱ ላይ አቆመችው። ከዚያ ነጭ ጋዙን አምጥታ፣ ሞላውን እናቷ በጨርቅ እንድትይዝላት ሰጥታት፣ ቀኙን እግር ማጠብ ጀመረች።