ከሙታን ጎን የተገኘው ፋኖስ

መጀመሪያ የተሰማው የሰንሰለት ኳኳታ ነው። ኢንስፔክተር ኖርሲያ ከመኪናዋ ሳትወርድ፣ የማሌዢያዋን የኩቺንግ ከተማ ስታዲየም በር ገና ሳታየው፣ ብዙ እጆች ከውስጥ ሲነቀንቁት ሰማች።

«ክፈቱልን እንጂ! ሌሊቱን ስንዞር አድረን ጭራሽ እስረኛ እንሁን?»

«ጩኹ፣ ጩኹ! እኔስ ቁርስ በልቻለሁ?» ይላል ዘበኛው ሳሃሪ፣ ቁልፉን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ።

ለካንሰር ምርምር መርጃ፣ በቡድን በቡድን ሜዳውን እየዞሩ የሚያድሩበት የሌሊት ጉዞ ከተጀመረ በሩ ይታሰራል። ፀሐይ ሳትወጣ የሚገባም የሚወጣም የለም። ዛሬ ደግሞ ሬሳ ስለተገኘ ነግቶም አልተከፈተም። እንግዲህ የገደለም ሰው ካለ፣ ያለው ከነዚሁ መሃል ነው። ግቢው ከማለዳው እንፋሎት እያወጣ፣ ሰዉ እንደተከደነ ድስት መታፈን ጀምሯል።

የበጎ ፈቃደኞቹ አለቃ ሲው ሁዋ ከመቀመጫዎቹ ጀርባ፣ ከደረጃው ግርጌ አንገቷ ተሰብሮ ወድቃለች። ካንሰርን ድል የነሳች ሴት ነበረች። ኮሌታዋ ተቀዷል። ኖርሲያ እጇን ከሬሳው ሥር ሰደደች። ሊነጋ ሲል የጣለው አጭር ዝናብ ሁሉን አርሶታል፤ ከሥሯ ያለው ሲሚንቶ ግን ደረቅ ነው። ወደዚያ የሚያሳልፈው መንገድ በበጎ ፈቃደኞቹ ድንኳን በኩል ብቻ ሲሆን፣ የድንኳኑ አገልጋዮች ከሟቿ ሌላ ሦስት ሰዎች ናቸው።

ሻይ ቀጂው ጋዊንግ ኖርሲያ ሳትደርስ በፖሊሶቹ ካቴና ገብቶበታል።

«ሰድበሃታል አሉ» አለችው ኖርሲያ።

«ብሰድባትስ? በካንሰር የታመመች ሚስቴን ‹እኔን ያዳነኝ ቅጠል ነው፣ የሐኪም ቤቱን መርዝ ተዪው› ብላ መቃብር ከተተቻት። ትናንት ማታ ደግሞ መድረክ ላይ ወጥታ ‹የሐኪሜን መድኃኒት አንድም ቀን አላቋረጥኩም› አለች። ተጨበጨበላት!»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሻዬን ቀዳሁ። እቤት ሕፃን ልጅ አለችኝ። እናቷን ቀብሬያለሁ፤ አባቷን እናንተ ልትቀብሩት ነው።»

የሟች ባል ቲዮንግ ዓይኑ አብጧል። «ከየቡድኑ አንድ ሰው ሁልጊዜ መንገዱ ላይ መሆን አለበት። የኛን የበጎ ፈቃደኞቹን ባንዲራ ይዤ ሌሊቱን ሙሉ የዞርኩት እኔ ነኝ። ‹ሽማግሌው፣ እንደ ዳክዬ ትሄዳለህ› እያሉ ሲያበሽቁኝ ያደሩት ጎረምሶች ይመስክሩ።»

ጎረምሶቹም አፍረው መሰከሩለት።

የቀረችው የጋዊንግ አማት፣ የወረቀት ፋኖሶቹ ጠባቂ ሉዲያ ናት። በየፋኖሱ ላይ ካንሰር ያገኘው የአንድ ሰው ስም ተጽፏል። የሕያዋኑ በመንገዱ ዳር፣ የሙታኑ በመቀመጫዎቹ ደረጃ ላይ ይደረደራሉ። ኖርሲያ በመሃላቸው ስታልፍ የሲው ሁዋን ፋኖስ ከሙታኑ ጋር አየችው።

«እማማ፣ ይቺ ከሕያዋን ወገን አልነበረችም?»

«ነበረች። ሬሳዋ ሲገኝ አዛወርኳት። ሰው ሲያርፍ ፋኖሱን የማነሳው እኔ ነኝ። ሌላው አይደፍርም፣ ገደ ቢስ ነው ይላሉ።»

«የልጅዎ ባል ታስሯል። ስለሱ ምንም አይሉም?»

«እግዚአብሔር ያውቃል» አለች ሉዲያ፣ ቀና ሳትል።

ኖርሲያ ሁሉንም ከደረጃው ፊት ሰበሰበቻቸው።

«ሲው ሁዋ የሞተችው ከዝናቡ በፊት ነው። ከሥሯ ያለው መሬት አልራሰም። ሳሃሪ፣ ሬሳውን መቼ አገኘኸው?»

«ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ እመቤቴ። ጫማዬ እስካሁን ውሃ ይተፋል።»

«እማማ ሉዲያም ፋኖሱን ከዚያ በኋላ እንዳዛወሩት ነገሩኝ።» ጎንበስ ብላ የሲው ሁዋን ፋኖስ አነሳችው። ደረጃው እንዳለ ርሷል፤ ከፋኖሱ ሥር ግን ክብ ደረቅ ቦታ ታየ። «መንገዱ ዳር የነበረበት ቦታ ደግሞ እርጥብ ነው። ፋኖሱ እዚህ ሲቀመጥ ዝናቡ አልጣለም ነበር። ያኔ ሬሳውን ገና ማንም አላየውም ነበር። እማማ፣ መሞቷን በምን አወቁ?»

ሰዉ ሁሉ ወደ ሉዲያ ዞረ።

«ልገድላት አልነበረም» አለች ሉዲያ። «ኮሌታዋን ይዤ ‹ልጄን ለምን ዋሸሻት?› አልኳት። ‹ተስፋ ልሰጣት ብዬ ነው› አለችኝ። ገፋኋት።»

«ታዲያ ፋኖሱን ምን አስነካዎት?»

«ሞታ ከሕያዋን መሃል ስትበራ ማየት አልቻልኩም። እጄ ለምዶታል፤ ለልጄም ያዛወርኩላት እኔ ነኝ።»

ፖሊሱ የጋዊንግን ካቴና ፈታ። ጋዊንግ አማቱን ትኩር ብሎ አያት።

«ይህን ካቴና ሲያስገቡብኝ አጠገቤ ነበሩ እኮ፣ እማማ።»

«ፈርቼ ነው፣ ልጄ። ልጅቷን... እስር ቤት እያመጣህ ታሳየኛለህ?»

ጋዊንግ ካቴናው ያቀላውን የእጁን አንጓ አሻሸ።

«ጋዊንግ? እሺ በለኝ እንጂ!»

ሰዉ መንገድ ለቀቀለት። ጋዊንግ ዞርም ሳይል ወደ በሩ ሄደ።