አለሁ

በሞጆው ጋራዥ አንድ የማይሻር ደንብ አለ። ከመኪናው ሥር ካለው ጉድጓድ የገባው መካኒክ «አለህ?» ይላል፤ በክሪክ ከተነሳው የኋላ ጎማ አጠገብ የቆመው ደግሞ «አለሁ!» ብሎ ይመልሳል። ያቺ ቃል ሳትሰማ ጎማ አይዞርም፣ እጅም ወደ ብረቱ አይገባም። ውብሸት አሥር ጣቶቹን ይዞ እዚህ የደረሰው በዚህ ደንብ ነው፤ ላይ ቆሞ የሚመልስለት ሽብሩም አንድም ቀን አሳስቶት አያውቅም።

የዚያን ቀን ከረፋዱ ጀምሮ ከካምቢዮው ወደ ኋላ ጎማ ኃይል የሚያደርሰውን ረጅም ዘንግ እየገጠሙ ነበር። ውብሸት ሲፈታው በመሮ የጫራቸው ሁለት ምልክቶች፣ አንዱ በዘንጉ ጫፍ፣ አንዱ ዘንጉን ተቀብሎ ከኋላ ጎማው ጋር በሚዞረው በዲፈረንሻሉ አፍ ላይ፣ ፊት ለፊት መግጠም አለባቸው፤ አለዚያ መኪናው መንገድ ላይ ወባ እንደያዘው ሰው ሲንቀጠቀጥ ይውላል። ውብሸት ቸኩሏል። ነፍሰ ጡር ሚስቱን ስንዱን ለክትትል ጤና ጣቢያ ሊያደርሳት ቃል ገብቷል፤ «ከዘገየሁ መጥተሽ ጎትተሽ አውጪኝ» ብሏት ነው ከቤት የወጣው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ ምልክቶቹ ልክ ሊገናኙ ሲሉ ይተላለፋሉ።

«ሽብሩ፣ አለህ?»

«አለሁ!»

«ትንሽ አዙር።»

የዲፈረንሻሉ አፍ ዞረ፤ ምልክቱ አሁንም አለፈ። ጉድጓዱ የተቃጠለ ዘይትና የከረመ ውሃ ይሸታል፤ ጎረቤት ሲንጣጣ ያረፈደው ብየዳ መቼ ዝም እንዳለ ውብሸት አላስተዋለም። «አለህ?» አለ ደግሞ። «አለሁ» የሚለው ድምፅ አሁን ከጎማው በኩል ሳይሆን ከቅርብ፣ ከመኪናው ሆድ ሥር የመጣ መሰለው። ጎንበስ ብሎ እያየኝ ይሆናል ብሎ አለፈው። ቡሎኑን ሊያስገባ እጁን በብረቶቹ መካከል ሲሰድ ግን፣ አዙር ሳይል ዲፈረንሻሉ በዝግታ ዞረ፤ የቱታውን እጅጌ ጠቅልሎ ክንዱን ከዘንጉ ጋር ጠፍሮ አሰረው።

«በቃ! ሽብሩ፣ በቃ!»

ብረቱ ቆመ። ማንም ግን አልመጣም። ኪሱ ውስጥ ስልኩ ሲጠራ በነፃው እጁ አውጥቶ ጆሮው ላይ ለጠፈው።

«ውቤ፣ መለዋወጫ ሱቅ ነኝ፤ ቡሎኑ ስንት ቁጥር ነበር?» አለ ሽብሩ። ከኋላው የባጃጅ ጡሩምባ ይሰማል።

«ምን? ላይ ማን አለ ታዲያ?»

«ማን ይኖራል፣ ሁሉም ምሳ ወጥቷል። ‹ልሂድ?› ስልህ ‹ሂድ፣ ሰው አያስፈልገኝም› አልከኝ አይደል እንዴ?»

ውብሸት እንዲህ አላለም። ሮጠህ ና ሊለው ሲል ስልኩ ከላበው መዳፉ አምልጦ ከሥሩ ካለው ዘይት ውስጥ ወደቀ። የስልኩ ብርሃን ከመጥፋቱ በፊት በጉድጓዱ ጥግ፣ ከደረጃው አጠገብ፣ ቁጢጥ ያለ ነገር ጉልበቱን ወደ ራሱ ሲሰበስብ አየ።

የኋላው ጎማ በራሱ ጊዜ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ሁለቱ ምልክቶች ተገናኙ፤ ልክ ሲፈልገው እንደዋለው። ክንዱ ከዚያ በኋላ ወደየትም አልነቃነቅ አለ።

ላይ የነጠላ ጫማ ኮቴ ተሰማ፤ የደከማት፣ የከበዳት ሴት ኮቴ።

«ውቤ? አለህ?»

ስንዱ ነበረች። ተመለሺ ሊላት፣ አትቅረቢ ሊላት አፉን ከፈተ፤ ድምፁ ግን ከጉሮሮው አልወጣም። የወጣው ከጥጉ ነው፤ የራሱ ድምፅ፣ እሷን ሲያባብል የሚለሰልሰው፦

«አለሁ ስንዱዬ፤ በደረጃው ቀስ ብለሽ ውረጂ፣ እጅሽን ስጪኝ።»